የዘጋነው ባሕር

ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጅቡቲ፣ ከባሕሩ ዳር

አባዬ፣

እንደምን ከረሙ? የእማዬ ጉልበት ሻል አለው? እኔ ከሙቀቱ በቀር የሚያስከፋኝ የለም። ስልኩ ለእርስዎ ጆሮ አልሆነም፤ ኔትወርኩም መጣ ሄደ ይላል። ስለዚህ ወደ ወረቀት መመለሳችን ለእኔ ደስታ ነው። ታዲዮስን ያስታውሱታል? የሞላሌው፣ አብሮኝ የተማረው። አሁን የተሳቢ ሹፌር ሆኖ በየሦስት ሳምንቱ ወደብ ይመጣል። ደብዳቤውን ደብረ ብርሃን እህቱ ዘንድ ያኖረዋል፣ ከዚያ በዘመሮ አውቶቡስ ይደርስዎታል።

ጥያቄዎን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። አይ አባዬ፣ ሻርክ የጾም ነው ወይስ የፍስክ የሚለውን እኔ አልወስንም፤ እሱ የመሪጌታ ሥራ ነው። ቀምሼውም አላውቅ። የእኔ ሥራ መቁጠር ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ አሸዋው ላይ ቆሜ የወረደውን ሻርክና ሬይ የሚሉትን ጠፍጣፋ ዓሣ በሜትር እለካለሁ፣ ወንዱንና ሴቷን ለይቼ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ካሜራ ብረት ላይ አስረን፣ ከፊቱ የተቀጠቀጠ ዓሣ ሰቅለን፣ ኮራሉ አጠገብ እናወርዳለን። ኮራል የሚሉት ባሕር ውስጥ እየበቀለ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ዓሣው ሁሉ እሱን ተጠግቶ ይኖራል። ካሜራው አንድ ሰዓት ይቀርጻል፣ እኔም ያንን አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ አያለሁ። ትንንሹ ዓሣ ይርመሰመሳል። ሻርክ ግን አንድም ሳያልፍ የሚያልቅበት ቀን ይበዛል። እኔ ራሴ አልጠልቅም፣ ዋናም አልችልም፤ እማዬን በዚህ ያረጋጉልኝ።

«መጥፋታቸው እውነት ነው ወይስ የፈረንጅ ወሬ?» ላሉት፣ እውነት ነው። አጥኚዎች እያንዳንዱን ዓይነት መርምረው ደረጃ ያወጡለታል፤ ደህና ነው፣ ለመጥፋት ተጋልጧል፣ ክፉኛ ተጋልጧል እያሉ። ኮራል ተጠግተው ከሚኖሩት ሻርኮችና ሬዮች ከአምስቱ ሦስቱ ያህል ከተጋለጡት ወገን ናቸው። ጠፍጣፋዎቹ ሬዮች ደግሞ ይብሳሉ። የጨረሳቸው ከሁሉ በላይ መረብ ነው። እንደ ሌላው ዓሣ ሺህ እንቁላል ጥለው አይሄዱም፤ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ የሚወልዱትም ጥቂት ነው።

ከሬዮቹ ወገን አንድ አለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጅራቱ ረጅም። ፈረንጆቹ በጊታር ስም ይጠሩታል፤ ለእኔ ግን ቁርጥ ማሲንቆ ነው። ክንፉ ውድ ስለሆነ ከየባሕሩ አልቋል። አሁን ምስጢር ልንገርዎ። ባለፈው ሚያዝያ ከመንደሩ በስተሰሜን ባለች ጥልቀት የሌላት ወሽመጥ ሴቶቹ ሊወልዱ ሲሰበሰቡ አየን። አለቃዬ ቦታውን ለማንም እንዳንናገር አዟል። እኔ ደግሞ ሰዎቹ የማያውቁትን ነገር እንዴት ይጠብቁታል እላለሁ። እርስዎ የጓሳውን ሣር ስንት ዘመን ጠብቀዋል። ምን ይመክሩኛል?

ልጅዎ ትርሲት


ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.
ዘመሮ

ልጄ ትርሲት፣

ሰላመ እግዚአብሔር ባለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ከቅዳሴ ስወጣ ሰጡኝ፤ ቆሜ አነበብኩት፣ ቤት ገብቼ ደግሞ ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጉልበቷ ያው ነው፤ አፏ ግን ደህና ነው። «ዋና የማትችል ልጅ ባሕር ዳር ምን ትሠራለች?» ብላ እኔን ትቆጣኛለች፣ እንደ ላክሁሽ ሁሉ።

ማሲንቆ ማለትሽን አልወደድኩትም። የመሪጌታ ልጅ ሆነሽ በገና አጣሽ? ጅራቱ ረጅም ነው ካልሽ ግን እንግዲህ ይሁን፣ አልከራከርሽም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። አለቃሽ ተሳስቷል። ከደብራችን በላይ ያለው ጓሳ አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው፤ የሚጠብቀው መታወቁ ነው። ሲዘጋ ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል፣ በገበያ ይነገራል፣ በዕድር ይነገራል። ከየትኛው ቋጥኝ እስከ የትኛው ወንዝ እንደ ሆነ ሰው እየሄደ በእግሩ ያየዋል። የሚከፈትበትም ቀን አብሮ ይነገራል፤ ዋናው እሱ ነው። ቀኑን ያወቀ ሰው ይታገሣል። ቀኑ ሲደርስ ለቤት ክዳኑም፣ ለገመዱም፣ ድሀውም ባለጸጋውም እኩል ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ቀድሞ የገባ እንደ ሆነ ግን ጎረቤት እሳት አይሰጠውም፣ ለለቅሶው አይቆሙለትም። እኔ የጠባቂዎቹ ሽማግሌ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ነዶ ያለ ቀኑ አልወጣም።

ስለዚህ አትደብቂ። ንገሪያቸው፣ ከነድንበሩ ከነቀኑ። አንቺ እንግዳ ነሽና ከእነሱ መካከል የሚፈራና የሚከበር ሽማግሌ ፈልገሽ እሱ ይናገር። ይሰርቃል ብለሽ የምትጠረጥሪውንም ሰው አትተዪው፤ ከፊት አስቀምጪው። ቃል የሰማ ሰው ያፍራል።

ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው። በጸሎት አስብሻለሁ።

አባትሽ መርስዔ ኃዘን


ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፣

አደረግሁት። በገና ሰሞን በላኩልኝ አጭር ወረቀት «ነገርሽ ወይስ ፈራሽ?» ብለውኝ ነበር፤ ፈራሁም፣ ነገርኩም።

ሁመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ አሉ፣ የመንደሩ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እሳቸውን ሳያይ መረብ አይጥልም። እሳቸው ሰበሰቡልኝ። ከአርብ ስግደት በኋላ ነበር፤ አርባ የሚያህል ሰው መጣ። ክንፍ የሚገዛውንም ነጋዴ እንዳሉኝ ከፊት አስቀመጥኩት። ከተሰነጠቀው ቋጥኝ እስከ ተሰበረችው አሮጌ ጀልባ ድረስ በእግር ሄደን ድንበሩን አሳየኋቸው። ከሚያዝያ መባቻ እስከ ሰኔ መጨረሻ ማንም መረብ እንዳይጥል፣ እናቶቹ ወልደው ሲወጡ ለሌላው ዓሣ እንዲከፈት ተስማሙ። «ማሉ ወይ?» ላሉት፣ መማል አልፈለጉም፤ ሁመድ ግን እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም አሜን አለ። የእሳቸው ልጅ ዓሊ፣ የራሱ ጀልባ ያለው ጎበዝ ነው፣ ከሁሉ ቀድሞ አሜን ያለ እሱ ነበር።

ሲበተኑ ሁመድ ወደ ጎን ወስደውኝ፣ «ልጄ፣ የእኛ ሰው ያከብርልሻል። ግን ይህ ወሬ እዚህ አይቀርም። ባሕሩ በየት በኩል ይዘጋል?» አሉኝ። የጓሳውን ነገር፣ የእርስዎን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጫወትኳቸው። በጣም ደነቃቸው። «አባትሽን ባየሁት» አሉ።

ለአለቃዬ ገና አልነገርኩትም። ሲሳካ እነግረዋለሁ። አባዬ፣ ጓሳው ዘንድሮ እንዴት ነው? ይከፈታል?

ትርሲት


መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
ዘመሮ

ልጄ፣

ይህን ያህል ዝም ማለት ከየት የመጣ ነው አትበዪኝ። ታዲዮስ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ አሉ። ጾሙ እንዳይከብድሽ፤ በዚያ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ለእኛም ከባድ ነውና አቅምሽን እይ፣ ይህን የምልሽ እንደ አባት ብቻ አይደለም።

ስለ ጓሳው ለጠየቅሽኝ፣ ጓሳው እዚያው አለ። ደህና ነው። ቤታችንን ቆርቆሮ አለበስነው፤ ዝናብ ሲወርድበት እኔ እንደሆን አልሰማው፣ እናትሽ ናት የምትማረረው። አንድ ነገር ልጻፍልሽ ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ እናትሽም «ንገራት» ትለኛለች፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። አሁን የአንቺን ልስማ። ሚያዝያ ደረሰ፣ እናቶቹ መጡ ወይ?

መርስዔ ኃዘን


ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፣

መጥተው ነበር። ሠላሳ ሰባት።

ቁጥሩን የማውቀው አሸዋው ላይ ተኝተው ስለለካኋቸው ነው። ሥራዬ ነውና እንደ ልማዴ ሜትሬን ይዤ ቆምኩ። ሁሉም ሴቶች ነበሩ፣ ብዙዎቹ ሳይወልዱ የተያዙ። ክንፋቸው ቀድሞ ስለተቆረጠ የአንዳንዷን ርዝመት በትክክል ልጽፍ አልቻልኩም። የልጆቻቸውን ቁጥር የምጽፍበት ቦታ በመዝገቡ ላይ የለም፤ ከጀርባው ጻፍኩት። አልነግርዎትም።

መጀመሪያ የገቡት የመንደሩ ሰዎች አልነበሩም። ቅዳሜ ዕለት ከማናውቀው ቦታ አምስት ጀልባ መጣ። መሪዎቹ ቋጥኙንም የተሰበረችውንም ጀልባ ያውቁ ነበር፤ እኔ በእግር እየሄድኩ ያሳየሁትን ድንበር፣ ከነወሩ። ነጋዴው ነግሯቸው ይሁን፣ ሌላ ሰው፣ አላውቅም። አርባ ሰው የሰማውን ማን አወራው ብዬ ልጠይቅ? ለማንም ባልናገር ኖሮ ያችን ወሽመጥ ማንም አይፈልጋትም ነበር። ጥልቀት የላት፣ ሌላ የሚያጓጓ ዓሣ የላት።

እሑድ ግን የመንደሩ ሰዎችም ገቡ። እንግዳ ሲወስደው እያየን እንቀመጥ እንዴ አሉ። የሁመድ ልጅ ዓሊም ገባ። ሁመድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸውን አያናግሩትም፤ በአንድ ግቢ እየኖሩ ምግቡን ለብቻው ያቀርቡለታል። ለእኔ ግን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ እሱ ነው ይበልጥ የከበደኝ።

ስለ መናገር ጻፉልኝ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ቀን ጻፉልኝ። አንድ ነገር ግን አልጻፉልኝም። አንድ ሰው ቀድሞ ሲገባ ሌላውን ምን ይይዘዋል? በእናንተ ዘንድ የመጀመሪያው ሰው የገባ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልሞከረም?

ትርሲት


ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.
ዘመሮ

ልጄ ትርሲት፣

ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ አላነበብኩላትም፤ የሚጻፈውን ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። በመጋቢት ይዤው የተቀመጥኩት ይኸው ነው።

ጓሳው የለም። በ2014 ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደርሶ የተመለሰ ጊዜ ጓሳው ከተዘጋ አራተኛ ዓመቱ ነበር፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን ከማዶ ሰዎች ገቡበት። የሚከለክል አልነበረም፣ ሁሉም የራሱን ሬሳና የራሱን ቤት ይዞ ነበር። በማግሥቱ የእኛ ሰፈር ገባ፤ አንቺ እንዳልሽው ነው ያሉት፣ ቃል በቃል፣ እንግዳ ሲወስደው እንቀመጥ እንዴ አሉ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሊያቆሙ ቢሉ እንኳ እኔን ነበር የሚጠብቁት። ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩኝ ነበር፣ ከእነሱ አንዱ «መሪጌታ፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን እኔም ገባሁ። ማንም አላስገደደኝም። የጠባቂዎቹ ሽማግሌ ማጭዱን ይዞ፣ ቀና ሳይል፣ ሰባት ሸክም አጨደ። የሚያሳዝነው አልተጠቀምንበትም። ሰው ሁሉ ከሚፈልገው በላይ አጭዶ በየጓሮው በሰበሰ። እኔም ክዳን ሳላደርገው ቀርቶ ቆርቆሮ አለበስኩ። ከዚያ ወዲህ ጓሳውን የዘጋው የለም።

አንቺ ምክር ስትጠይቂኝ ደስ አለኝ። የተማረች ልጄ ከእኔ ልትማር ነው ብዬ ኩራት ገባኝ። የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የአባቴ ዘመን እውነት ነው። አንድ ነዶ አልወጣም ያልኩሽ ውሸት ነው። እንዴት እንደሚጠበቅ እንጂ እንዴት እንደሚፈርስ አልነገርኩሽም። የማውቀው ግን ሁለቱንም ነበር። መፍረሱን ነግሬሽ ቢሆን አንቺ ልባም ነሽ፣ ጀልባዎቹ ሳይመጡ «ቀድሞ የሚገባው ማን ነው?» ትዪ ነበር።

እነዚያ እናቶች በእኔ ዕዳ ነው የሞቱት። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ቀላል መሰለኝ፣ ስጽፈው ግን ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ቢሆንም ይቅር በዪኝ ልጄ።

አባትሽ


ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ይቅርታ ለጠየቁኝ አሁን መልስ የለኝም፤ ለይሉኝታ ብዬ ብጽፍ እርስዎን መዋሸት ይሆናል።

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። ውሌን አላደሰም፣ አልፈርድበትም። ወደ አገር አልመጣም። በመንደሩ የበረዶ ቤት ዓሣ የመለየት ሥራ አግኝቻለሁ። እማዬን ሳሙልኝ።

ትርሲት


ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዘመሮ

ልጄ፣

መልስ ባታገኚልኝም እጽፋለሁ፣ ዝም ስትዪኝ ዓመቱ ረዘመብኝ።

በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ተናገርኩ። እኔ መርስዔ ኃዘን ጠባቂ ሆኜ ገባሁ፣ ሰባት ሸክም አጨድኩ፣ ለልጄም ዋሸሁ፣ በዚያ ውሸት ሩቅ አገር ጥፋት ደረሰ አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ወልደ ጻድቅ፣ የምታውቂው ክፉ አፍ ያለው ጎረቤታችን፣ «መሪጌታ፣ እኛ ከእርስዎ በፊት ነው የገባነው» አለና አለቀሰ። በዚያው ቀን ጓሳውን እንደገና ዘጉት። ሽማግሌነቱን ከጠባቂዎቹ ለአንዱ፣ ለአትናቴዎስ ሰጡት፣ እኔ ነኝ እንዳትመርጡኝ ያልኳቸው። አትናቴዎስ መጀመሪያ የጠየቀው ነገር፣ «ማዶዎቹ ቢገቡ በዚያው ቀን ማን ማን ይወጣል?» የሚል ነበር። ስም በስም ተመዘገቡ።

ሳሩ ጀምሯል፣ ሥሩ አልሞተም ነበር። ሦስት አራት ዓመት ከተዉት እንደ ነበረ ይሆናል ይላሉ። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንቺን አሰብኩ። የአንቺዎቹ በስንት ዓመት ይመለሳሉ? እውነቱን ንገሪኝ፣ እንዳታባብዪኝ።

አባትሽ


ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ፋሲካን ብቻዬን አልዋልኩም፤ ታዲዮስ ከእህቱ የተላከ ዳቦ ይዞ መጥቶ ነበር። ጓሳው መብቀሉን ስሰማ ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ ይህን ሳላቅማማ እጽፋለሁ። ወልደ ጻድቅ ማልቀሱን ግን ካላየሁ አላምንም።

አታባብዪኝ ላሉኝ አላባብልዎትም። አንዲት ሴት ለመውለድ ብዙ ዓመት ትጠብቃለች፤ ልጆቿም እንዲሁ። የሞቱት ወላጆቹ ስለሆኑ መጪዎቹን የሚወልድ የለም። ዘንድሮ ደመወዝ ባይኖረውም ከሚያዝያ መባቻ ጀምሮ በየቀኑ ከሥራ በፊት ከሁመድ ጋር ቋጥኙ ላይ ተቀመጥን። ውኃው ጥርት ያለ ነው፣ እስከ ታች አሸዋው ድረስ ያሳያል። የራሴን ደብተር ገዝቼ በየቀኑ ዜሮ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ሃምሳ ዜሮ አለ። ምናልባት የተረፉት ሌላ ቦታ ሄደው ይሆናል፤ ሁመድ እንደዚያ ይላሉ። ዓሊ ዘንድሮ ጀልባውን ሸጧል። ከአባቱ ጋር ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

አባዬ፣ ይቅርታ ለጠየቁኝ መልስ ያጣሁት ስለተቆጣሁ ብቻ አልነበረም። ተቆጥቼም ነበር። ግን የእርስዎን ሦስተኛ ቀን ሳነብ የራሴን አነበብኩ። ያንን ለማንም አልነገርኩም፤ ለአለቃዬ «ሁሉንም ነገርኩት» ብዬ የጻፍኩልዎትም ውሸት ነው።

እሑድ ጠዋት ዓሊ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ከሌሎቹ ማንም ገና አልገባም፤ እሱ የሚያደርገውን ነበር የሚጠብቁት። መረቡን ትከሻው ላይ ይዟል፣ ግን ቆሟል። «እኅቴ፣ ምን ትያለሽ? አንቺ አትግቡ ካልሽ አልገባም፣ ሌሎቹንም አቆማለሁ» አለኝ። እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ ስለካ አድሬ እጄ ሸትቷል፣ ንዴቴን እንግዶቹ ላይ አልተወጣሁትም። «ምን ቀረ ብለህ ነው? ግቡ» አልኩት። «ግቡ፣ እናንተም ውሰዱ» አልኩት። የእርስዎ ዝምታ ነበር፤ የእኔ ቃል ነው። ቅዳሜ የሞቱት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። አሥራ ስምንቱ የእሑድ ናቸው።

ዓሊ ይህን ለአባቱ አልተናገረም። ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ እንግዳ ናት ብሎ ይሆናል፣ ወይም እኔ ራሴ እስክናገር እየጠበቀኝ ይሆናል። እኔ ግን በየቀኑ ከአባቱ ጎን ተቀምጬ ዜሮ ስጽፍ፣ ሽማግሌው «የእኔ ልጅ ነው ያስፈጃቸው፣ ይቅር በዪኝ» ሲሉኝ፣ ዝም ብዬ ሰማሁ። ሃምሳ ቀን ሙሉ።

እርስዎን ይቅር ብያለሁ አባዬ። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ። ታዲዮስ መኪናውን አስነስቶ ይህን ወረቀት እየጠበቀኝ ነው። እሱን እንደ ሸኘሁ ሁመድ ቤት እሄዳለሁ፤ አባትና ልጁ ሁለቱም በሚገኙበት በምሳ ሰዓት።

ልጅዎ ትርሲት